ለመሥሪያ ቤት የሻይ ሰዓት ከቦምቦሊኖና ከብስኩት የተሻለ ምን ይቅረብ?

የክበቡ ገንዘብ ያዥ፦

ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ መሥሪያ ቤት ነው። በክፍላችን ያለን ሠራተኞች በየወሩ ጥቂት ገንዘብ እያዋጣን ጠዋት 4 ሰዓትና ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ላይ አብረን ሻይ እንጠጣለን፤ በዚህ ዓመት የገንዘብ ያዥነቱና የግዢው ተራ ለእኔ ደርሷል። እስከ አሁን በነበረው ልማድ ጠዋት ቦምቦሊኖ ወይም ፓስቲ ከአቅራቢያችን ሻይ ቤት ይመጣል፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የታሸገ ብስኩት ይቀርባል። ሻዩም የሚመጣው ከዚያው ሻይ ቤት በትልቅ ፔርሙዝ ሲሆን፣ ስኳሩ አስቀድሞ ተጨምሮበት ነው።

ከመካከላችን ሁለት ባልደረቦች የስኳር ሕመም አለባቸው። አንዲት እህታችን ነፍሰ ጡር ናት። ጡረታ ሊወጡ የተቃረቡ አንድ ጋሼ ደግሞ ጥርሳቸው ጠንካራ ነገር አይችልም። ከግማሽ በላይ የምንሆነው የኦርቶዶክስ ጾም የምንጾም በመሆናችን ረቡዕና ዓርብ፣ በዐቢይ ጾም ደግሞ በሙሉ ወቅቱ፣ ቅቤ፣ ወተትና እንቁላል የገባበት ነገር ማቅረብ አይቻልም። ቢሮ ውስጥ ውኃ ማፍያ እንጂ ምድጃ የለንም፤ መዋጮውም ውድ ነገር የሚያስገዛ አይደለም።

ጥያቄዬ እንግዲህ በእነዚህ ሁኔታዎች ውስጥ ሁሉም በደስታ የሚበላው፣ ለጤናም የሚሻል የሻይ ማጣጫ ምን ሊሆን ይችላል የሚል ነው። በሙያው ያላችሁም ሆነ በጓዳ ልምድ የምታውቁ ብትመክሩኝ አመሰግናለሁ።

የሥነ ምግብ ባለሙያ፦

ውድ ጠያቂያችን፣ ከሻይ ጋር ስለሚበላው ከመነጋገራችን በፊት ስለ ሻዩ እንነጋገር። እንደ ተራ ነገር ጠቅሰው ያለፉት የስኳሩ አስቀድሞ መጨመር ከቦምቦሊኖው ይልቅ አሳስቦኛል። አንድ ልክክ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ይመዝናል። በአገራችን በአንድ ብርጭቆ ሁለትና ሦስት ማንኪያ መጨመር የተለመደ ስለሆነ፣ በቀን ሦስት ብርጭቆ በሦስት ሦስት ማንኪያ የሚጠጣ ሰው ምንም ሳይበላ 36 ግራም ስኳር ወስዷል ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ምግብና መጠጥ ላይ የሚጨመረው ስኳር በቀን ከምናገኘው ጉልበት ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ደግሞ ከ5 በመቶ በታች እንዲወርድ ይመክራል። ይህ ሁለተኛው መጠን ለአንድ አዋቂ 25 ግራም አካባቢ ነው፤ በዚህ ልክ የሚጠጣ ሰው በሻዩ ብቻ ያልፈዋል።

ስለዚህ ከሻይ ቤቱ ጋር ተነጋግራችሁ ሻዩ ያለ ስኳር ተፈልቶ እንዲመጣና ስኳሩ በጎን እንዲቀርብ አድርጉ። ይህ ምንም ወጪ አይጠይቅም፣ የስኳር ሕመም ያለባቸውንም ባልደረቦች «ለእኔ ለብቻ ይምጣልኝ» ከማለት ያድናቸዋል። ቀረፋው፣ ቅርንፉዱ፣ ሄሉና ዝንጅብሉ ጠንከር ተደርጎ ቢገባበት ስኳሩ ሲቀንስ የሚሰማው ጉድለት እምብዛም አይታወቅም፤ ምላስም ቀስ በቀስ ሲለማመድ ቅናሹን ይቀበላል።

ወደ ማጣጫው ስንመጣ፣ ቦምቦሊኖና ፓስቲ ችግራቸው ሦስት ነው፤ ቃጫው የወጣለት ፉርኖ ዱቄት፣ ሲጠበሱ የሚመጥጡት ዘይት፣ ዘይቱም ራሱ ደጋግሞ የሚጠበስበት መሆኑ። በብዛት የምንጠቀምበት የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ የደም ቧንቧን የሚጎዳውን ኮሌስትሮል ከፍ የሚያደርገው የረጋ ቅባት ነው። ብስኩትም ቢሆን ደረቅና ቀላል መስሎ ይታያል እንጂ ዱቄት፣ ስኳርና ቅባት ነው። በማሸጊያው ላይ በከፊል ሃይድሮጂን የተጨመረበት የአትክልት ቅባት እንዳለበት ከተጻፈ ሳትገዙ እለፉት፤ በውስጡ የሚገኘውን ትራንስ ፋት የሚባል ቅባት የዓለም ጤና ድርጅት ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከምግብ ፈጽሞ እንዲወጣ አገሮችን ሲወተውት የቆየው በልብ ላይ በሚያደርሰው ጉዳት ነው።

በምትኩ የማቀርበው ምክር አዲስ ነገር የለበትም፤ ቆሎ፣ ንፍሮ፣ ፈንዲሻ፣ ያልተነፋ ዱቄት የገባበት ዳቦና ፍራፍሬ ናቸው። ነገር ግን «ባህላዊ ስለሆነ ጤናማ ነው» የሚለውን አስተሳሰብ እንድትጠነቀቁት እፈልጋለሁ፤ በቅቤ የታሸ ጭኮና ጨጨብሳም ባህላዊ ናቸው፣ ለሁልጊዜ የሻይ ሰዓት ግን አይመከሩም። የገብስ ቆሎን የምመርጠው ገብስ ቤታ ግሉካን የሚባል የሚሟሟ ቃጫ ስላለው ነው፤ ይህ ቃጫ በአንጀት ውስጥ ዝልግልግ ሆኖ የስኳርን ወደ ደም መግባት ያዘገያል፣ ኮሌስትሮልንም ለመቀነስ ይረዳል። ሽምብራ ደግሞ ፕሮቲን ስላለውና በዝግታ ስለሚፈጭ ከዳቦ ይልቅ የደም ስኳርን የሚያንረው በትንሹ ነው።

መጠኑ ግን አይረሳ። ለውዝ በ100 ግራም ወደ 570 ካሎሪ የሚጠጋ ጉልበት አለው፤ ወሬ እያወሩ ከሳህን እየዘገኑ ሲበሉት ደግሞ መጠኑ አይታወቅም። ለአንድ ሰው አንድ እፍኝ፣ ማለትም 30 ግራም ያህል፣ በትንሽ ሲኒ እየተሰፈረ ቢቀርብ ይበቃል። የስኳር ሕመም ካለባቸው ባልደረቦች መካከል ኢንሱሊን የሚወጋ ካለ ደግሞ የለመደውን መክሰስ በድንገት ከማስቀረቱ በፊት ሐኪሙን ያማክር፤ የደም ስኳር ከልክ በታች መውረዱም የራሱ አደጋ አለው።

የሒሳብ ክፍል ሰው፦

የባለሙያውን ማብራሪያ በአክብሮት አንብቤአለሁ፤ ነገር ግን ሠራተኛ ወደ ሻይ ሰዓት የሚወጣው መድኃኒት ሊወስድ አይደለም። በእኛም መሥሪያ ቤት ቦምቦሊኖ ይቅር ተብሎ ነበር። ውሳኔው የተላለፈው ከላይ ስለነበር ሰዎች በየግላቸው ወደ ሻይ ቤቱ መሄድ ጀመሩ፣ መዋጮውም ቀዘቀዘ፤ በመጨረሻ አብሮ ሻይ መጠጣቱ ራሱ ቀረ። የእኔ ሐሳብ በሳምንት አንድ የፍስክ ቀን ተመርጦ የለመዱት ነገር ይቅረብ፣ ሌላው ቀን ይለወጥ የሚል ነው። ቦምቦሊኖውም ቢሆን ለሁለት ተቆርጦ ቢቀርብ ብዙ ሰው ግማሹን በልቶ ይረካል። እህታችን ሆይ፣ ከመወሰንዎ በፊት የክበቡን አባላት ቢጠይቁ ይሻላል።

የጓዳ ሰው፦

እህቴ፣ እኔ የሙያው ትምህርት የለኝም፤ ነገር ግን ቆሎና ዳቦ ቆሎ እያዘጋጀሁ ለመሥሪያ ቤቶችና ለድግስ አስረክባለሁ። ሰው የሚወደውንና ሳህን ላይ ትቶት የሚሄደውን ለይቼ ስለማውቅ በዚያ በኩል ልርዳዎት።

ቆሎ የማይወደው ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጥፎ ቆሎ የበላ ሰው ነው። ገብሱ ረጠብ ተደርጎ በሙቀጫ ካልተሸከሸከና ገለባው በደንብ ካልተለየ ጉሮሮ ይቧጥጣል፤ ሰነፍ ቆሎ የሚባለው የገብስ ዓይነት ቅርፊቱ በቀላሉ ስለሚለቅ ለዚህ ይመረጣል። ሲገዙ በጥርስ ሰበር አድርገው ይቅመሱት፤ እስከ ውስጡ ያልበሰለ ከሆነ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ያረረም ከሆነ ምሬቱ ወዲያው ይታወቃል። ጠጠር መኖሩን በነጭ ሳህን ላይ ዘርግተው ይዩ፤ ለጥርስ ጠንቅ የሚሆነው ከቆሎው ድርቀት ይልቅ ጠጠሩ ነው። የሚያብረቀርቅ ቆሎ ዘይት የተጨመረበት ነው፤ ዘይት ያለው ደግሞ ቶሎ ይሸታል። እኔ የምቀላቅለው ሁለት እጅ ገብስ፣ አንድ እጅ ሽምብራ፣ ግማሽ እጅ ለውዝና ጥቂት ሱፍ ነው። ሽምብራው ከመቆላቱ በፊት ለጥቂት ጊዜ ውኃ ውስጥ ከተነከረ ልቡ ድረስ ይፈካል፣ አይደርቅም። ጨው የምጨምረው በውኃ አሟሙቼ ትኩሱ ቆሎ ላይ በማርከፍከፍ ስለሆነ በጣም ጥቂቱ ይበቃኛል፤ በርበሬና ጥቁር አዝሙድ ደግሞ ጨውን ያስረሳሉ። አንድ ነገር ልጨምር፤ ርካሽ ነው ተብሎ የሚሸጥ ድብልቅ ቆሎ ውስጥ ጓያ ገብቶ እንደሆነ ጠይቁ። ጓያ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲበላ እግርን የሚያሽመደምድ በሽታ እንደሚያመጣ በገጠር የኖረ ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ለጋሼ ንፍሮ ይሻላቸዋል። ስንዴ፣ ሽምብራና ባቄላ ሌሊቱን በየራሳቸው ተነክረው፣ ውኃው ተለውጦ፣ በደንብ እስኪለሰልሱ ይቀቀላሉ፤ ባቄላው ቶሎ ስለማይበስል ቀድሞ ይጣዳል። ከተጠነፈፈ በኋላ በጨውና በጥቂት በርበሬ፣ ለሚወድ ደግሞ በተከተፈ ቃሪያና ሎሚ ሲቀርብ፣ ከሰል ላይ እንደተጠበሰ ሥጋ ሰው የሚሻማበት ነው። ንፍሮ ግን ለ4 ሰዓት እንጂ ለ10 ሰዓት አይሆንም፤ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ሙቀት ይዞ ከዋለ ይበላሻልና ጠዋት የመጣው ጠዋት ይለቅ። አንዳንድ ሰው ንፍሮን ከለቅሶ ቤት ጋር ስለሚያያይዘው በሻይ ሰዓት ሲያየው ፊቱን ያጠቁራል፤ እንዲህ ያለ ባልደረባ ካላችሁ በንፍሮው ፋንታ አሹቅ አቅርቡ፤ ባቄላው ተቆልቶ ስለሚዘፈዘፍ ጣዕሙ የቆሎ፣ ልስላሴው የንፍሮ ነው።

ለጾም ቀን ደግሞ በሶ አትርሱ። የበሶ ዱቄት በፈላ ውኃ፣ በጨውና በትንሽ በርበሬ ታሽቶ በጭብጦ መልክ ሲያዝ ምድጃ አይጠይቅም፣ ውኃ ማፍያችሁ ይበቃል፤ ለጥርሱ ለሚያዝን ሰውም ይመቻል። ማለዳ የተቀቀለ ስኳር ድንች ተላጥቶና ተቆራርጦ ሲመጣ ከሻይ ጋር እንደ ኬክ ይበላል። ድፎ ዳቦ ላይ አቮካዶ በሎሚ ፈጭታችሁ ቀቡበት፤ ለጾሙም ለፍስኩም ይሆናል።

ዳቦ ቆሎን በተመለከተ ከሱቅ የሚገዛው አብዛኛው ስኳርና ዘይት የበዛበት ወይም በዘይት የተጠበሰ ነው። በቤት ሲሠራ ግማሹ ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት፣ ግማሹ የገብስ ዱቄት ሆኖ፣ በርበሬ፣ ጨውና አንድ ሁለት ማንኪያ የኑግ ወይም የሱፍ ዘይት ገብቶበት ጠንከር ተደርጎ ይቦካል። ሊጡ ካረፈ በኋላ እንደ ጣት ቀጥኖ ይድቦለቦላል፣ በትንንሹ ይቆረጣል፣ ከዚያም ያለ ዘይት በምጣድ ላይ እያገላበጡ እስኪቀላ ይታመሳል። እሳቱ ከበረታ ላዩ ቀልቶ ውስጡ ሊጥ ሆኖ ይቀራልና ዝግ ያለ እሳት ነው የሚፈልገው። በደንብ የደረቀ ዳቦ ቆሎ በክዳን ቆርቆሮ ለሳምንታት ይቀመጣል። ሳምቡሳም ቢሆን በምስርና በቃሪያ ተሞልቶ፣ ላዩ በብሩሽ ዘይት ተቀብቶ፣ በምድጃ ኦቭን በ200 ዲግሪ ሲጋገር ጥርስ ላይ ይንኮሻኮሻል፤ የተጠበሰውን የለመደ ሰው መጀመሪያ ያጉረመርማል፣ ሁለተኛውን ያነሣል።

ከሪያድ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በሳውዲ ዓረቢያ ለረጅም ጊዜ የኖርኩ ነኝ። እዚህ ቤቶች ውስጥ ቡና ለእንግዳ ሲቀርብ ስኳር አይገባበትም፤ ጣፋጩ በጎን የሚቀርበው ቴምር ነው። ያንን ልማድ ወደ ሻዬ ወስጄው፣ ያለ ስኳር የተፈላ የቅመም ሻይ ከአንድ ወይም ከሁለት ፍሬ ቴምር ጋር እጠጣለሁ። በሌላ በኩል በየመንገዱ የሚሸጠው ከረክ የሚባለው የወተት ሻይ ስኳሩ እጅግ የበዛ ስለሆነ እሱን ትቼዋለሁ። በአዲስ አበባም ቴምር በረመዳን ወቅት በብዛት ይገኛል፤ ሙስሊም ባልደረቦቻችሁ በጾሙ ወር ሻይ ሰዓት ላይ ስለማይገኙ የእነሱን ድርሻ ለኢፍጣር ወደ ቤታቸው እንዲወስዱት ብታደርጉ መልካም ይመስለኛል።

የክበቡ ገንዘብ ያዥ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የክበቡን አባላት ጠይቄ ሐሙስ ቀን ቦምቦሊኖ እንዲቀጥል፣ በሌሎቹ ቀናት ግን ቆሎ፣ ንፍሮና ዳቦ ቆሎ በተራ እንዲቀርቡ ተስማምተናል። ስኳሩም በጎን እንዲሆን ሻይ ቤቱ ያለ ቅሬታ ተቀብሎናል። ሆኖም ሦስት ጥያቄዎች ተነሥተዋል። አንደኛ፣ አንድ ባልደረባችን «በስኳር ፋንታ ማር ይቅረብ፣ ማር አይጎዳም» ብሎ አጥብቆ ይከራከራል። ሁለተኛ፣ ነፍሰ ጡሯ እህታችን ሻይ ከደም ማነስ ጋር ይያያዛል ተብላ ፈርታለች፤ የብረት እንክብልም ትወስዳለች። ሦስተኛ፣ በዐቢይ ጾም ብዙዎቻችን እስከ 9 ሰዓት ስለማንበላ የጠዋቱ ነገር ሁሉ ለጥቂት ሰዎች ብቻ ይቀርባል፤ እንዴት ይደረግ?

የሥነ ምግብ ባለሙያ፦

ስለ ማሩ አጭር መልስ ልስጥ። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ማርን ከተጨማሪ ስኳር ጋር አንድ ላይ ነው የሚቆጥረው፤ የፍራፍሬ ጭማቂንም እንዲሁ። ማር የራሱ መዓዛና ክብር አለው፣ ነገር ግን የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ሻይ ውስጥ ሲገባ ከስኳር የተለየ ፈቃድ አያሰጥም። ቴምር በአንጻሩ ሙሉ ፍሬ ስለሆነና ቃጫው አብሮት ስላለ የተሻለ ነው፤ ቢሆንም የደረቀ ቴምር ከክብደቱ ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚጠጋው ስኳር በመሆኑ የሪያዱ ወንድማችን እንዳሉት በስኳሩ ምትክ እንጂ በስኳሩ ላይ ተደርቦ አይበላ። ከለውዝ ጋር ቢበላ ደግሞ የደም ስኳርን የሚያንረው በዝግታ ነው።

የነፍሰ ጡሯ ጥያቄ ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል። በሻይ ውስጥ ያሉት ታኒን የሚባሉ ነገሮች ከእህል፣ ከጥራጥሬና ከአትክልት የምናገኘውን ብረት በአንጀት ውስጥ ይዘው እንዳይመጠጥ ያደርጋሉ። ከሥጋ የሚገኘው ብረት በዚህ የሚጎዳው በእጅጉ ባነሰ መጠን ነው፤ በጾም ወቅት ግን ያ ምንጭ የለም። መፍትሔው ሻይን ጨርሶ መተው ሳይሆን ከምግብ ቢያንስ በአንድ ሰዓት ማራራቅ ነው፤ የእናንተም የሻይ ሰዓቶች ከቁርስና ከምሳ የራቁ ስለሆኑ በዚህ በኩል ዕድለኞች ናችሁ። ዋና ዋና የብረት ምግቦቿ፣ ማለትም ምስሩ፣ ጎመኑና ሥጋው፣ በምሳና በእራት ይሁኑ፤ አብሯቸው ሎሚ፣ ቃሪያ ወይም ብርቱካን ብትጨምር ቫይታሚን ሲው ብረቱ በደንብ እንዲመጠጥ ያግዛል። በሻይ ሰዓት ከሚበላው ቆሎ ብረት አገኛለሁ ብላ አትመካ፤ እሱን የምትበላው ለቃጫውና ለፕሮቲኑ ነው። እንክብሉን ግን በፍጹም በሻይ ወይም በቡና አትዋጠው፤ በውኃ፣ ከሻዩ በቂ ጊዜ ርቃ ትውሰድ። ሻይ ካፌይን ስላለው የብርጭቆውን ብዛት እንድትቀንስም እመክራለሁ።

በዐቢይ ጾም ወቅት በጀታችሁን ወደ 10 ሰዓት አዙሩት። ቀኑን ሙሉ ባዶ የዋለ ሆድ መጀመሪያ የሚቀበለው ጣፋጭ ሻይና የተጠበሰ ሊጥ ሲሆን የደም ስኳር በፍጥነት ወጥቶ በፍጥነት ይወርዳል፤ ሰውየውም ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደገና ይርበዋል፣ ድካምና እንቅልፍም ይጫጫነዋል። ሰውነቱ ውኃ ስለሚፈልግ አስቀድሞ ውኃ ይጠጣ፤ በሶ ጭብጦ፣ ዳቦ በአቮካዶ ወይም ሙዝ ከጥቂት ለውዝ ጋር ይብላ፤ ሻዩ ከዚያ ቆየት ብሎ ይከተል። ጠዋት ለማይጾሙት የሚቀመጠው ቆሎ ይበቃል፤ የማይበላሽ ስለሆነም የሚባክን አይኖርም። የስኳር ሕመም ኖሮበት መጾም የሚፈልግ ባልደረባ ካለ ደግሞ ጾሙ ከመግባቱ አስቀድሞ የመድኃኒቱን ሰዓት ከሐኪሙ ጋር ያስተካክል።

የጓዳ ሰው፦

ለውዝ እንዲህ በተደጋጋሚ ከተነሣ አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። የባቢሌው ለውዝ በጣዕሙ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ከየትም ይምጣ ከየት እርጥበት ያገኘው ለውዝ ይሻግታል፣ ሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባል ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ያመነጫል። ይህ መርዝ በመቁላት ሙሉ በሙሉ አይጠፋም። ስለዚህ የተጨማደደ፣ ቀለሙ የጠቆረ ወይም ሲቀምሱት የመረረ ፍሬ ሲያገኙ እሱን ብቻ ሳይሆን አጠገቡ ያሉትንም ያስወግዱ። ገዝታችሁ ስታስቀምጡም ለውዙን ከቆሎው ለይታችሁ በደረቅ ዕቃ አድርጉት፤ ወር የሚያደርስ በአንድ ጊዜ ከመግዛት የሳምንቱን ብቻ መግዛት ይሻላል። ልጆቻቸውን አንዳንዴ ወደ ቢሮ የሚያመጡ ወላጆች ካሉም ቆሎና ለውዝ ለሕፃናት እንዳይሰጥ ንገሯቸው፤ ጉሮሯቸው ላይ ሊሰነቀር ይችላልና ለእነሱ ሙዝ ወይም የተቀቀለ ስኳር ድንች ይቀመጥላቸው።